ከአየር ጤና እስከ ቦሌ

ኧረ ደከመን! ሆድ ይፍጀው ብለን ያለፍነው ብዙ ነው፤ ይሄኛውን ግን ሆድም አልቻለውም።

የአብራሪ ኑሮ በቀን ቆጠራ የታሰረ ነው። በ90 ቀን ውስጥ 3 ጊዜ ተነስተህ 3 ጊዜ ካላረፍክ መንገደኛ ይዘህ አትነሳም። በዓመት ሁለቴ ሲሙሌተር ገብተህ ሞተር እየጠፋብህ፣ እሳት እየተነሳብህ ትፈተናለህ። የጤና ምርመራው በየ12 ወሩ ነው፤ 60 ዓመት ከሞላህ በየ6 ወሩ። እንግሊዝኛህ ደረጃ 4 ከሆነ በየ3 ዓመቱ እንደገና ትፈተናለህ። በዚህ አላማርርም። ደንቡ ሰው ካለቀ በኋላ ከተገኘ ትምህርት የተጻፈ ነው፤ ልጆቼንም የማሳፍረው ይህን ካሟላ አብራሪ ጋር ብቻ ነው።

የሚያማርረኝ እንግልቱ ነው። ባለፈው የአብራሪነት ፈቃዴን ለማሳደስ ብሄድ፣ እዚያው ቢሮ የሰጠኝን ወረቀት «ፎቶ ኮፒ አድርገህ አምጣ» ተባልኩ። በማግስቱ ይዤ ስሄድ ጉርድ ፎቶው አሮጌ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ሲስተም የለም፤ ነገ ና»። ሦስቱም ከሥራ የማርፍባቸው ቀናት ነበሩ።

ለመሆኑ ዕረፍታችንስ የት አለ? ከምሽቱ 1 ሰዓት ሥራ ጨርሼ ከንጋቱ 11 ሰዓት ቦሌ እንድገኝ ስታዘዝ፣ ሰሌዳው ላይ የ10 ሰዓት ዕረፍት ተብሎ ይጻፋል። ሰርቪሱ ግን ሰው እያወረደ፣ ሜክሲኮ ላይ ቆሞ፣ ጦር ኃይሎች ላይ ቆሞ፣ አየር ጤና ሲያደርሰኝ 3 ሰዓት ሆኗል። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ደግሞ ደጄ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። እራት በልቼ፣ ታጥቤ፣ ልጆቼን አይቼ የምተኛው አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ቤተል ያለውም፣ ዓለም ባንክ ያለውም ባልደረባዬ ያው ነው።

ይህ የምቾት ጥያቄ አይደለም። የካቲት 2001 ዓ.ም. አሜሪካ ቡፋሎ አጠገብ በወደቀው አውሮፕላን 50 ሰው አለቀ፤ ረዳት አብራሪዋ ሥራ የገባችው ከሲያትል ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ ነበር። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች ደንባቸውን ሲያሻሽሉ፣ ከ10 ሰዓቱ ዕረፍት ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ ለመተኛት የሚበቃ ይሁን አሉ። እኛም ዘንድ ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ አውሮፕላን መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ ማረፊያውን አልፎ ሄደ፤ ከማማው ሲጠሩት መልስ አልነበረም። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር ተብሎ በዓለም ተወራ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተመልሶ በሰላም አረፈ። እኔ ግን ያን ቀን የተሰማኝ ድንጋጤ እስካሁን አልለቀቀኝም፤ የዚያ ዓይነት እንቅልፍ ዓይኔ ላይ ሲመጣ አውቀዋለሁና።

ደክሞኛል ብሎ መቅረት መብት ነው ይሉናል። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ የሚሞላው ቅጽ፣ የሚጠራበት ቢሮ አለ፤ ስለዚህ ብዙው ዝም ብሎ ይፈርማል።

ማረፌን፣ መነሳቴን፣ የልቤን ምት ሳይቀር የሚቆጥር ሥርዓት መንገዱንም ይቁጠርልን። ዕረፍታችን ከቦሌ በር ሳይሆን ከቤታችን ደጃፍ ይጀምር።