ቀዩ ድንጋይ፦ በፍሪዘር ውስጥ ስለሚኖረው ሱጎ ማንነት

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ፍሪዘር ውስጥ፣ ከግድግዳው በረዶ ጋር ተጣብቆ፣ አንድ ቀይ ድንጋይ ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ በፌስታል ተቋጥሮ፣ አልፎ አልፎም በአይስክሬም ዕቃ ተከድኖ ይገኛል። (በአይስክሬም ዕቃ ውስጥ አይስክሬም የሚገኘው በተገዛበት ዕለት ብቻ ነው። ልጆች ይህን እያወቁ ክዳኑን መክፈት ያልተዉበት ምክንያት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።) ሱጎ መሆኑን ብዙዎች ይስማማሉ። ቁሌት ነው የሚሉም አሉ። ድልህ ነው የሚለው ወገን ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ድምፁ ከፍ ያለ ነው።

ስለ አመጣጡ ክርክር የለም። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲባረር ፓስታው አብሮት አልወጣም። ሽንኩርት መክተፍ ደግሞ በየማታው የሚደገም ሥራ ስላልሆነ ሱጎው በትልቅ ድስት ይሠራል፤ የተረፈው ከበረደ በኋላ በየፌስታሉ ይከፋፈላል። ፌስታሉ የተመረጠው በድህነት ብቻ አይደለም። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር እስከ አፉ የተሞላ ጠርሙስ ይሰነጠቃል፤ ፌስታል ግን ችሎ ያድራል። ቲማቲሙም ድስት ውስጥ ቀድሞ ስለፈራረሰ በረዶው የሚያፈርሰው ብዙ ነገር አያገኝም። ድንች የገባበት ከሆነ ድንቹ ሲቀልጥ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ይህ ጥሩ መለያ ነው፤ ጉድለቱ ከቀለጠ በኋላ መታወቁ ነው።

ነገሩ የሆድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጥናት ባልበቃ። ችግሩ ሱጎ ሁለት ዓይነት መሆኑ ላይ ነው፤ በዘይት ብቻ የተሠራው የጾም፣ የተፈጨ ሥጋ የገባበት የፍስክ። ድስት ውስጥ ሳሉ ሕፃን ይለያቸዋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ግን ሁለቱም ቀይ ድንጋይ ናቸው፤ ዕለቱም ረቡዕ ነው።

እስካሁን የተሞከሩት የምርመራ ዘዴዎች ሦስት ናቸው። ማሽተት ዋጋ የለውም፤ የበረደ ነገር ሽታው ወደ አፍንጫ አይደርስም። ማንኳኳት ከምርመራ ይልቅ ጎረቤት ለመቀስቀስ ይጠቅማል። ሦስተኛው ነጭ ቅባት መፈለግ ሲሆን፣ «ነጭ ከያዘ ሥጋ ወይም ቅቤ አለው» በሚል እሳቤ ላይ የቆመ ነው። ይህን እሳቤ ፓልም ዘይት አፍርሶታል። ፓልም እንኳን ፍሪዘር ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይም በብርድ ጠዋት ይረጋል፤ ጾመኛ ሆኖ ሳለ ፍስክ ይመስላል።

ስለዚህ ወደ ዋናው መዝገብ ቤት ስልክ ይደወላል።

«እማዬ፣ የጾሙ የቱ ነው?»

«በፌስታል ያለው ነዋ።»

«ሁሉም በፌስታል ነው።»

«ሁለቴ የተቋጠረው። ግን አባትህ ነክቶት ከሆነ እንጃ።»

ከዚህ እንደምንረዳው ዕውቀቱ አለ፤ የተመዘገበው ግን በቋጠሮ ነው። መዝገቡም ሥጋ ፍለጋ ፍሪዘሩን በሚያተራምስ፣ የፈታውንም ባሻው መንገድ በሚቋጥር አንድ ሰው እጅ ይጠፋል። በወረቀት ጽፎ መለጠፍ ተሞክሯል። ወረቀቱ ረጥቦ ይላቀቃል፤ ያልተላቀቀው ደግሞ ዕቃው አምና የያዘውን ነገር ይናገራል።

መብራት ሲጠፋ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ሁለት ቀን ያህል ይይዛል። «ካልተከፈተ» የሚለው ግን በቤተሰብ ውስጥ ተፈጻሚነት የለውም፤ መቅለጡን ለማረጋገጥ በየሰዓቱ ይከፈታልና። የጾሙና የፍስኩ ጎን ለጎን ከቀለጡ፣ ፌስታል ደግሞ ቀዳዳ የማያጣ ዕቃ ከሆነ፣ መብራቱ ሲመለስ የሚረጋው ሦስተኛ ዓይነት ነው። ስለ እርሱ ዝም ማለትን መርጠናል።

ጥርጣሬው ሲበረታ ሽሮ ይሠራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሽሮው ምክንያት ጾሙ ብቻ ነው ብለው የጻፉ ሰዎች ፍሪዘሩን አላዩም። ፋሲካ ሲደርስ በእርግጥ ክርክሩ ያበቃል፤ በዚያን ቀን ሁለቱም ይበላሉና። ሆኖም በፋሲካ ዕለት ፓስታ ያማረው ሰው እስካሁን አልተገኘም።