ቆጥሮ በሊታው

ዛሬ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ቆጥሮ በሊታ አይጠፋም። ምሳ ሰዓት ላይ የባልደረቦቹን ሳህን እየዞረ ይጎበኛል። ዳቦ ሲያይ «75!» ይላል፤ ሩዝ ሲያይ «73!»፤ ድንች ቅቅል ላይ ሲደርስ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «78» ብሎ ያልፋል። የጎረሰው ሰው ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ቁጥሩ የሎተሪ ይሁን የታክሲ ያልገባው አዲስ ሠራተኛ ካለማ ማብራሪያው እስከ ሥራ ሰዓት ይዘልቃል።

ቁጥሮቹ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ ይባላሉ። አንድ ምግብ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ምን ያህል እንደሚያሻቅበው ከንጹሕ ግሉኮስ ጋር ያነጻጽራሉ፤ ግሉኮሱ 100 ነው። እስከ 55 ያለው ዝቅተኛ፣ ከ70 ጀምሮ ያለው ከፍተኛ ነው። ዝርዝሩን መጀመሪያ ያወጡት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ በ1981 የ62 ምግቦችን ውጤት አሳተሙ። (ዓመቱን በፈረንጅ መቁጠራችን ነው፤ ምግቡን ከፈረንጅ ጋር እየቆጠርን ዓመቱን ብቻ ብንለይ አያምርም።) ዓላማቸው የስኳር ሕሙማን የሚመገቡትን እንዲመርጡ መርዳት ነበር። ቆጥሮ በሊታችን ግን ስኳር የለበትም። ያለበት ቦርጭና ከምሳ በኋላ የሚጥለው እንቅልፍ ነው።

በእንቅልፉ ነገር ግማሽ እውነት አለው። ቶሎ የሚፈጭ ምግብ ስኳሩን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ ኢንሱሊን ተሯሩጦ ያወርደዋል፤ አንዳንዴም አብዝቶ ስለሚያወርደው ሰውዬው አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሆዱ ይጮኻል። ሌላው ግማሽ የሰዓቱ ነው፤ ሰውነት ምሳ ባይበላም ከቀትር በኋላ መፍዘዙ አይቀርም። ክትፎ ጠግቦ የሚያዛጋ ሰው ጥፋቱን በዳቦ ላይ ባያላክክ ደግ ነው።

ጉዱ የሚመጣው አለካኩ ሲታወቅ ነው። ፈቃደኞቹ ሌሊቱን ጾመው ያድሩና ጠዋት 50 ግራም ካርቦሃይድሬት የያዘ አንድ ምግብ ይቀርብላቸዋል። ከዚያ ለሁለት ሰዓት ጣታቸው እየተወጋ ደማቸው ይለካል። ምግቡ የሚበላው ለብቻው ነው፤ ወጥ የለ፣ ሰላጣ የለ፣ አጉራሽ የለ። በካሮት ላይ የደረሰውን በደል ያየ ሰው ይህን አይረሳም። 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ከካሮት ለማግኘት ከግማሽ ኪሎ በላይ ማኘክ ያስፈልጋል፤ በ1981ዱ ዝርዝር ግን ካሮት 92 ተብሎ ከዳቦ በላይ ተሰቀለ። በኋላ ተደጋግሞ ሲለካ ቅቅሉ 39 ላይ አረፈ። ስሙ ግን እስካሁን አልጠራም፤ ቆጥሮ በሊታው የድሮውን ሰንጠረዥ ይዞ ከበያይነቱ አልጫ ውስጥ ካሮቷን እየለቀመ ዳር ያወጣል። ሐብሐብም እንዲሁ ነው። ኢንዴክሱ 76 ቢሆንም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አንድ ቁራጭ የሚያመጣው ስኳር ትንሽ ነው። ይኼው ስለከነከናቸው የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ1997 መጠኑን ጭምር የሚያስገባ ግላይሴሚክ ሎድ የተባለ ስሌት አመጡ።

ስሌቱ ቆጥሮ በሊታው ዘንድ አልደረሰም። እሱ ዘንድ የደረሰው ቸኮሌት 40፣ አይስክሬም 51፣ የተጠበሰ ድንች ደግሞ 63 መሆኑ ነው፤ የተቀቀለው 78 ነበር። ስብ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ስለሚያደርግ ዘይት የጠጣ ነገር ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቅቅሉን ጠልቶ ጥብሱን ያዛል። አንድ ግራም ስብ ከአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት እጥፍ በላይ ካሎሪ እንደሚይዝ ቀበቶው ብቻ ያውቃል።

ወደ እንጀራ እንምጣ። እዚህ ላይ ሳይንቲስቶቹም አልተስማሙም፤ በጤፍ እንጀራ ላይ የወጡት ልኬቶች አንዱ ሲያወርደው ሌላው ይሰቅለዋል። ቆጥሮ በሊታው ታዲያ አስተናጋጇን ይጠይቃል፦

«እህት፣ የዚህ እንጀራ ስንት ነው?»

«ትርፍ ካዘዙ ይታሰባል፤ የመጀመሪያው ከወጡ ጋር ነው።»

ለክርክር የማይቀርበው እንጀራው ላይ የሚፈሰው ነው። ምስር 32፣ ሽምብራ 28። ሽሮ ዱቄት መሆኑ ትንሽ ቢያፈጥነውም የጥራጥሬ ልጅ ነው። እነ ጄንኪንስ በ1982 ያሳዩት ነገር ደግሞ ያስደንቃል፦ ቁርሱን ምስር የበላ ሰው፣ ምሳ ላይ ሌላ ነገር ሲበላ እንኳ ስኳሩ ያን ያህል አይወጣም። የትናንቱን ምስር ወጥ ጠዋት ፈርፍሮ የሚበላ ሰው ምሳውንም እያበረደ ነው ማለት ነው። ስም ያልወጣለት ጥበብ ብዙ ነው።

በ2015 ኒውዮርክ በዌይል ኮርኔል የተሠራው ጥናት ግን ቤት አፍርሷል። 11 የስኳር ሕሙማን ዶሮውንና አትክልቱን አስቀድመው ዳቦውን ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲበሉ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተለካው ስኳራቸው ዳቦውን ካስቀደሙበት ቀን በአንድ ሦስተኛ ያህል አነሰ። ሹካና ሳህን ላለው ሰው ቀላል ነው። ገበታ ላይ ግን እንጀራው ሹካም ሳህንም ነው! ቆጥሮ በሊታው ማንኪያ አስመጥቶ ለአምስት ሰው ከቀረበው ትሪ ወጡን ብቻ መጭለፍ ይጀምራል። ባልደረቦቹ መጀመሪያ ይተያያሉ፤ ቀጥሎ እጃቸውን ያፈጥናሉ። በዕድሜ የገፉት ጸሐፊዋ «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» ብለው በእንጀራ ጠቅልለው አንድ ጉርሻ ያዘጋጃሉ። አልፈልግም ቢል «በሞቴ!» ይመጣል። አንድ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ይከተላል። በአሥራ አምስት ደቂቃ ልዩነት የታቀደው ምሳ በሁለት ጉርሻ ይዘጋል።

ክብደትንና ጤናን በተመለከተ ማስረጃው ድብልቅ ነው። በስምንት የአውሮፓ አገሮች የተካሄደውና በ2010 የታተመው ዲዮጄኔስ የተባለ ጥናት፣ ቀንሰው ከነበሩት መካከል ፕሮቲን ጨመር አድርገው ዝቅተኛ ኢንዴክስ የተመገቡት መልሰው እንዳይወፍሩ የተሻለ እንደተረዱ አሳይቷል። በ2014 ግን አሜሪካኖች ድሮውንም ጤናማ በሆነ አመጋገብ ላይ ኢንዴክሱን ብቻ ቢያወርዱ የደም ግፊትም ኮሌስትሮልም አልተሻሻለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የእስራኤል ከተማ ሬሆቮት ያለው የቫይዝማን ተቋም ደግሞ 800 ሰዎችን መሣሪያ አስሮ ሲከታተል፣ አንዱን የማይነካው ምግብ የሌላውን ስኳር ሲያስፈነጥር አገኘ። እንግዲህ ቆጥሮ በሊታው ጮክ ብሎ የሚጠራው ቁጥር የማያውቃቸው ፈረንጆች አማካይ ነው።

እሱ ግን በሰንጠረዡ ጸንቷል። ሻይ ሲመጣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል። «ምነው?» ሲሉት «ስኳር 65 ነው፤ መካከለኛ። ከዳቦ ይሻላል» ይላል። ሰንጠረዡን ብታዩት አልዋሸም።

ሊፍቱ የተበላሸ ቀን ሰባት ፎቅ በእግሩ ይወጣል። ከምግብ በኋላ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ ስኳሩን ከደም ይስባል፤ የቀኑ ምርጥ ሥራውም ይኼው ነው። ሰባተኛ ፎቅ ደርሶ ትንፋሹ ሲመለስለት መጀመሪያ የሚያደርገው ግን ስለ ሊፍቱ ለአስተዳደር ክፍል አቤቱታ መጻፍ ነው። ለአንድ ጊዜም ቢሆን ቢሮው በሙሉ ከእሱ ጋር ተስማምቶ ይፈርማል።