ፖሟ ለሕዝብ ትታይ

አዲስ ስልክ ልትገዙ አስባችሁ፣ «ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ልሻገር ወይስ ባለሁበት ልርጋ?» እያላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ወገኖቼ፤ ጭንቀታችሁ ይገባኛል። የትዳሩን ነገር በሁለት ማኪያቶ የጨረሰ ሰው ለቀፎ ምርጫ ሽማግሌ ቢሰበስብ አይፈረድበትም።

ብቻ አደራ፣ «ስልኩ ምን ይሠራልኛል?» የሚለውን ጥያቄ እንዳታነሡ። አደገኛ ነው፤ መልሱ ይታወቃላ! ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ቴሌብር፣ የባንክ መተግበሪያ፤ የቀረው «የት ደረስክ?» ብሎ መደወል ነው። ይህ ሁሉ በሁለቱም ላይ አለ። የመብራት ሂሳብ እዚሁ አገር ውስጥ በተገጣጠመ ቴክኖም ይከፈላል፤ መብራቱም ሲጠፋ ቀፎ አይቶ አያዳላም። እንዲህ እያላችሁ ማሰብ ከጀመራችሁ ግን ደህና የሚሠራውን የድሮ ስልካችሁን ይዛችሁ ልትቀሩ ነው። ከዚህ ይሰውራችሁ።

ትክክለኛው ጥያቄ «ካፌ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ማን ያየዋል?» የሚለው ነው። አይፎን በፊቱ ተደፍቶ እንደሚቀመጥ ልብ በሉ፤ ማያው ለባለቤቱ፣ የተገመጠችው ፖም ለሕዝብ። ኮቨር መግዛት ግድ ከሆነም ብርሃን የሚያሳልፈውን ግዙ። ያን ያህል የተከፈለበትን ጀርባ በጥቁር ላስቲክ መሸፈን ግፍ ነው።

ከአሜሪካ ደግሞ የቀለም ትምህርት እንቅሰም። እዚያ ከአይፎን ወደ አይፎን የሚሄድ መልእክት ሰማያዊ፣ ወደ አንድሮይድ የሚሄደው አረንጓዴ ነው፤ በአረንጓዴው ምክንያት የሚሾፍበት ወጣት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ጠያቂ ለእናቱ የሚልከው ቪዲዮ በደንብ እንደማይታያት ለአፕል አለቃ ለቲም ኩክ ቢነግረው፣ መፍትሔው ለእናቱ አይፎን መግዛት እንደሆነ ተነገረው። የኛ እናቶች ምስኪኖች ናቸው፤ ዐረብ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር በኢሞ ይተያያሉ፣ ቀለም የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰሙ።

የአንድሮይድ አርበኞችም አትኩራሩ። 200 ሜጋፒክስል ካሜራ ገዝታችሁ የመታወቂያ ኮፒ የምታነሡበት እናንተ ናችሁ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይፎን 12 ካርቶን ውስጥ ቻርጀሩን ሲያወጣ ሳምሰንግ አፌዘ፤ እናንተም አብራችሁ ሳቃችሁ። በጥር 2021 ጋላክሲ ኤስ21 ያለ ቻርጀር ሲወጣ ሳቁን የት እንዳደረሳችሁት አልታወቀም። አፕልም በተራው፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ካወጣ በኋላ፣ በአይፎን 15 የአንድሮይዱን የቻርጀር ቀዳዳ ተቀበለ። ባለቤቶቹ እየተኮራረጁ መንትያ ሊሆኑ ነው፤ ጦርነቱን የቀጠሉት በየካፌው ያሉ ደጋፊዎች ብቻ ናቸው።

ገንዘቡስ? ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ከዱባይ በሻንጣ የሚገባው ቀፎ ከዶላሩ ጋር ሽቅብ ሄዷል። ቢሆንም ዕቁብ ለምን ተፈጠረ? እሱም ካልደረሳችሁ ሰልባጁ አለ። የራሱን የደም ግፊት ተለክቶ የማያውቅ ጎልማሳ ሻጩን በሐኪም ድምፅ «ባትሪ ሄልዙ ስንት ነው?» ሲል መስማት በራሱ ያስደስታል። ገዝታችሁ ለካርድ መሙያ ብታጡ እንኳ አትፈሩ። ፖሟ ያለ ኢንተርኔት ትሠራለች።

ስለዚህ ተሻገሩ! በሌላው ሙያ ማስታወቂያ ተሸክሞ የሚዞር ሰው የቀን አበል ይቆረጥለታል። በዚህኛው ግን ተሸካሚው ራሱ ከፋይ ነው፤ አበሉ ቀርቶበት የዓመቱን ደመወዝ ያስረክባል፣ ደረሰኙንም በኩራት ያሳያል። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ያገኘ ኩባንያ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ባያወጣ ነበር የሚገርመው።