ላም አለኝ በጁባ

ከብት የሚያረቡበት፣ ሲሰለችዎም ጠመንጃ አንስተው የሚያድኑበት ሰፊ መሬት የሚፈልጉ ክቡር ባለሀብት ሆይ፦ ቴክሳስ ድረስ ምን ወሰደዎት? እዚያ መሬቱ ሁሉ በሽቦ ታጥሯል፤ ባለቤቱ ካርታ አለው፤ ግብሩም በየዓመቱ ይመጣል። ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ይምጡ። የቴክሳስ ሰዎች ራሳቸው መጥተውበታል።

ዋጋውን ላስቀድም፤ የገዢ ልብ መቼም እዚያ ነው። በ2008 (ዓመቶቹን በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ውሉም የተጻፈው በእነሱ ነውና) ናይል ትሬዲንግ ኤንድ ዴቨሎፕመንት የሚባል የዳላስ ኩባንያ፣ ከጁባ በስተደቡብ ምዕራብ ካለው ከላይንያ ካውንቲ 600 ሺህ ሄክታር መሬት ለ49 ዓመት ተከራየ። የከፈለው 75 ሺህ የሱዳን ፓውንድ ነው፤ እንደተዘገበው 25 ሺህ ዶላር ገደማ። ሒሳቡን እኔ ልሥራልዎት፦ ለአንድ ሄክታር አራት የአሜሪካ ሳንቲም። ለዓመት እንዳይመስልዎት፤ ለአርባ ዘጠኙም ዓመት ነው። በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ አንድ ያገለገለች መኪና ለመግዛት የሚከራከር ሰው አለ፤ ወደ ገበያው ስለዘገየ ብቻ ነው።

መሬቱ ደግሞ ባዶውን አልተሰጠም። የዛፉ እንጨት፣ ዛፉ ሳይቆረጥ ከአየሩ የሚሸጠው ካርቦን፣ ከሥር ያለው ነዳጅና ማዕድን፣ ሁሉንም መልሶ ለሦስተኛ ወገን የማከራየት መብት፤ ሁሉም ውሉ ውስጥ አለ። ሌላ 400 ሺህ ሄክታር የመጨመር ዕድልም ተትቶለት ነበር። የቀረ ነገር ቢኖር ሰማዩ ነው፤ ካርቦኑን ከቆጠርነው እሱም አልቀረም።

አከራዩ ማን ነበር? የሙካያ ፓያም ኅብረት ሥራ ማኅበር። ፓያም እዚህ አገር ከካውንቲ በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። ላይንያ ያለበት የመካከለኛው ኢኳቶሪያ ግዛት ጠቅላላ ስፋት ደግሞ 43 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ማለት አንድ ፓያም ከመላው ግዛት ሰባተኛውን እጅ አከራየ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ለጋስ ወረዳ ከየት ይገኛል? የኩባንያው ሊቀመንበር በአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ጉዳይ አምባሳደር የነበሩ ሰው መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። ሰው ከመሬቱ ሲነቀል ምን እንደሚሆን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አይኖርም፤ የልምድ ነገር ነው። የሙካያ ነዋሪዎች ግን በ2011 ነገሩን ሲሰሙ ውሉን አናውቀውም ብለው እስከ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ድረስ አቤት አሉ። አራት ሳንቲም ተቀብሎ ደግሞ አቤቱታ! ያውም ያልተቀበሉትን አራት ሳንቲም።

ሕጉ ያሳስበኛል ይሉ ይሆናል። አያሳስብዎ፤ ሕጉ በጣም ጥሩ ሕግ ነው። የ2009ኙ የመሬት ሕግ መሬት የሕዝብ ነው ይላል፤ የመንግሥት ድርሻ ማስተዳደር ነው። የውጭ ሰው ይከራያል እንጂ ባለቤት አይሆንም። ከ250 ፈዳን፣ ማለትም ከመቶ ሄክታር ትንሽ ከፍ ካለ፣ የግዛቱ ባለሥልጣናት ካላጸደቁት አይሰጥም። ማኅበረሰቡም አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። ይህን ሁሉ በጥሞና ያንብቡትና ሕዝብ የሚባለው ሰው ቢሮ እንደሌለው፣ ማኅተም እንደሌለው፣ ስልክ እንደማያነሳ ያስታውሱ። ማኅተም ያለው ሌላ ነው። አበው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ብለዋል፤ እዚህ ግን አጥርም ስለሌለ ሥራዎ በግማሽ ቀሏል፤ መናቁ ብቻ ይበቃል።

ኅብረት ሥራ ማኅበር ካላገኙ ጄኔራል ይፈልጉ። የኒው ዮርኩ ፊሊፕ ሃይልበርግ ቀድሞ ኤአይጂ የሚባለው የኢንሹራንስ ድርጅት ነጋዴ ነበር። በ2009 መጀመሪያ ላይ በዩኒቲ ግዛት 400 ሺህ ሄክታር መሬት ላይ መብት አግኝቻለሁ አለ። መብቱን ያገኘው ከጄኔራል ፓውሊኖ ማቲፕ ልጅ ኩባንያ አብላጫውን ድርሻ በመግዛት ነው። ጄኔራሉ በጊዜው የሠራዊቱ ምክትል ዋና አዛዥ ነበሩ። አንዳንድ ምቀኞች የጄኔራል ልጅ መሬቱን ከየት አመጣው ብለው ጠየቁ። ከአባቱ ነዋ! አባቱስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጄኔራል አይቶ አያውቅም።

አሁን ወደ መሬቱ። ሻጭዎ በመጀመሪያ የሚነግርዎት መሬቱ ባዶ መሆኑን ነው፤ ገዢ ባዶ ቦታ ይወዳል። ባዶነቱን ለማየት ግን ወቅት መምረጥ ያስፈልጋል። ከጁባ በስተሰሜን ቴሬኬካ አካባቢ ያሉት ሙንዳሪዎች ክረምት ሲገባ ከብቶቻቸውን ነድተው ውሃ ወደማይተኛበት ከፍታ ይወጣሉ፤ በበጋ ደግሞ ወደ ነጭ አባይ ዳርቻ፣ ወደ ረግረጉ ሣር ይወርዳሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ዲንካዎችም እንዲሁ፤ ረግረጉን ቶይች ይሉታል። እንግዲህ ብልህ ቀያሽ በነሐሴ ረግረጉን፣ በጥር ከፍታውን ይለካል። በሁለቱም ጊዜ ሰው አያገኝም። ሁለቱን ካርታዎች ሲገጥማቸው መላው አገር ባዶ ሆኖ ይወጣል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ከብት ያለው ሰው አገሩን በሁለት ወቅት ነው የሚኖርበት፤ ወረቀት የያዘው ግን አንድ ቀን ደርሶ ያላየውን ሁሉ የለም ብሎ ይጽፋል።

ከብቱን ሲያዩ ይደነቃሉ። ቀንዱ ክንድ አይበቃውም። ማታ እበቱ ተከምሮ ይነድና በጭሱ ዝንብና ትንኝ ይባረራል፤ አመዱ በከብቱም በሰውም ገላ ላይ ይቀባል። ጎረምሳው በስሙ የሚጠራበት በሬ አለው፤ ለበሬው ይዘፍንለታል፤ ጥሎሹም የሚከፈለው በከብት ነው። ይህ ሁሉ ግን በእርስዎ ወረቀት ላይ «ለከብት ርባታ ተስማሚነቱ የተረጋገጠ» ከሚል አንድ መስመር በላይ አይፈጅም። ያረጋገጡት እነሱ ናቸው፤ ለስንት ትውልድ ያለክፍያ። የጥናት ወጪ አተረፉልዎት ማለት ነው።

በዚህ ላይ በ2015 ፕሬዚዳንቱ ከሌላ አካባቢ የመጡ ከብት ጠባቂዎች ኢኳቶሪያን ለቀው እንዲወጡ አዝዘዋል። ገበሬው ማሳዬ ተረገጠ ብሎ አቤት ብሏል፤ እውነቱን ነው፤ ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ነው፤ ከከብቶቹም ብዙው የባለሥልጣናት ንብረት እንደሆነ ጁባ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አንድ ሺህ ከብት ይዞ የመጣ ሰው ውጣ ይባላል፤ አንድም ከብት ሳይኖረው ስድስት መቶ ሺህ ሄክታር የያዘ ሰው ኢንቨስተር ይባላል። ስለዚህ ምክሬ፦ ከብት ይዘው እንዳይመጡ።

ስለ አደኑ ደግሞ አይጠራጠሩ። የመጀመሪያው ትልቅ ተከራይ የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊ ነበሩ። በ1894 ከእንግሊዞች ጋር ተዋውለው፣ ዛሬ ጁባ ያለችበትን ጨምሮ በአባይ ምዕራብ የተዘረጋውን ላዶ የተባለ ግዛት ለዕድሜ ልካቸው ተከራዩ። በቦታው ይኖር የነበረው ሕዝብ የውሉ ቅጂ አልደረሰውም፤ በዚህ ረገድ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ንጉሡ በ1909 መጨረሻ ሲሞቱ፣ ግዛቱ ወደ ሱዳን እስኪመለስ ድረስ የዝሆን ጥርስ አዳኞች እየጎረፉ ገቡበት። ቴዎዶር ሩዝቬልት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በወረዱ ማግስት እዚያው ላዶ ውስጥ ሰፍረው፣ ለሙዚየም ብለው ነጭ አውራሪስ ገደሉ፤ ከዚያም በጎንዶኮሮ በኩል፣ ማለት በጁባ ማዶ፣ ወደ ካርቱም ወረዱ። የዚያ የሰሜኑ ነጭ አውራሪስ ዘር የመጨረሻው ወንድ በ1975 በግልገልነቱ ሻምቤ ላይ ተይዞ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ መካነ እንስሳት የተወሰደው ነው። ስሙ ሱዳን ነበር። በመጋቢት 2018 ኬንያ ውስጥ ሞተ፤ አሁን ሁለት ሴቶች ቀርተዋል። አውራሪስ ፈልገው ከሆነ እንግዲህ ትንሽ ዘግይተዋል።

ቆርኬ ግን ሞልቷል። በ2024 ጁባ ላይ ይፋ የሆነው የአየር ላይ ቆጠራ፣ በቦማና በባዲንጊሎ ፓርኮች ዙሪያ ስድስት ሚሊዮን ያህል ቆርኬና ሚዳቋ በየዓመቱ እንደሚጓዝ ተናግሯል፤ ከዚያ ውስጥ አምስቱ ሚሊዮን ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። በምድር ላይ ከሚታወቁት የየብስ አጥቢ እንስሳት ጉዞዎች ትልቁ ነው ተብሏል። ባዲንጊሎ ከጁባ በስተሰሜን ምሥራቅ ቅርብ ነው፤ የቦር መንገድ ይዞዎት ይሄዳል። እዚያ መንገድ ላይ ሥጋ በሞተር ሳይክል ጭኖ የሚሄድ ልጅ ካዩ ሕገወጥ አዳኝ ይባላል፤ ፓርክ ውስጥ መግደል ክልክል ነውና በትክክል ይባላል። እርስዎ ግን ገንዘብ ከፍለው፣ ኮፍያ አድርገው፣ የሞተውን እንስሳ ቀንድ ይዘው ፎቶ የሚነሱ ስለሆነ እንግዳ ነዎት። ልጁ ቢበላው ጥፋት ነው፤ እርስዎ ሳይበሉት ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት ቱሪዝም ነው።

ደግሞ ቆርኬዎቹ ውል አያነቡም። ከፊሎቹ ድንበር ተሻግረው ጋምቤላ ይገባሉ። ጋምቤላ ደግሞ እኛም የዚህን ንግድ ጥበብ ጠንቅቀን የተማርንበት ቦታ ነው፤ ጎረቤት ላይ ብቻ ስናሾፍ እንዳይመስልብን ልናገረው። የሕንዱ ካሩቱሪ፣ አበባ ሲሸጥ የኖረ ኩባንያ፣ 300 ሺህ ሄክታር ተብሎለት፣ 100 ሺህ ተረክቦ፣ ለሄክታር በዓመት 20 ብር ተዋውሎ ገባ። መሬቱ ጠፍ ነው ተብሎ ነበር። የባሮ ወንዝ በ2011 ማሳው ላይ ሲወጣ ጠፍ የተባለው ለምን ሰው እንዳልሰፈረበት አስረዳ፤ የአካባቢው አኙዋኮች ቀድመው ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። በ2015 መጨረሻ ውሉ ተቋረጠ። ያም ሆኖ ከጁባ ጋር ሲነጻጸር 20 ብር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ጋምቤላን አስወድደናታል።

እርስዎ ብቻዎን አይደሉም። የኖርዌይ ሕዝብ ርዳታ ድርጅት በ2011 ባወጣው ጥናት፣ ከ2007 እስከ 2010 ባሉት አራት ዓመታት የውጭ ኩባንያዎች፣ መንግሥታትና ግለሰቦች በእርሻ፣ በደንና በባዮፊውል ብቻ የጠየቁትና የወሰዱት መሬት 2.64 ሚሊዮን ሄክታር ነው፤ ከሩዋንዳ ይበልጣል። የአገር ውስጦቹ፣ የቱሪዝሙና የጥበቃው ሲጨመሩ 5.74 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ከደቡብ ሱዳን መሬት ከመቶው ዘጠኝ እጅ። አገሪቱ ነጻነቷን ያወጀችው ጥናቱ በወጣበት ዓመት በጁላይ 9 ነው። ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል ከሥሩ ያለው መሬት ከፊሉ ተከራይቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀልጣፋ መንግሥት አይገኝም።

ከዚያ በኋላ በ2013 ጦርነቱ መጣ፤ በ2016 ጁባ ውስጥ ዳግም ተተኮሰ፤ ሚሊዮኖች ተሰደዱ። ከላይንያና ከዬይ የተሰደደው ገበሬ ዑጋንዳ መጠለያ ውስጥ ሲቀመጥ የርስዎ ቢጤዎች ወረቀት ግን የትም አልሄደም። ይህ ነው የወረቀት ከብት ጥቅሙ፤ አይዘረፍም፣ አይጠማም፣ አይሰደድም። የጥንቱ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብሎ ያዘነው ሰማዩን በሄክታር አስለክቶ ለሌላው መሸጥ ስላላወቀበት ነው። እርስዎ ያውቁበታል። ማሳውን ማረስ አይጠበቅብዎትም፤ አንድ ጥጃ መግዛት አይጠበቅብዎትም፤ ዋጋው ሲወጣ ወረቀቱን ለሚቀጥለው ያስተላልፉ፤ እሱም ለሚቀጥለው። ወተቱ ያለው እዚያ ነው።

የግድ መሬቴን በዓይኔ ልየው ካሉ በጥር ይሂዱ፤ መንገዱ ይደርቃል። ቴሬኬካ ላይ አመድ የተቀባ ወጣት ያገኛሉ፤ በሬውን ያድንቁለት፣ ስሙን ይጠይቁት፣ ወተት ሲሰጥዎት ይቀበሉ። ውሉን ግን ሆቴል ትተውት ይሂዱ።