ሶሉ ጫማ ነው ወይስ አይደለም?

ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ግራ እግሬን መሬት ሳስነካ ተረከዜ ውስጥ ሚስማር የተመታ ይመስለኛል። ለጠላትም አይስጥ። ግድግዳ ተደግፌ እያነከስኩ መታጠቢያ ቤት እደርሳለሁ፤ ፊቴን ታጥቤ ስጨርስ ለቀቅ ያደርገኛል፤ ቁርስ በልቼ ስወጣ ደህና ሰው ነኝ። ስምንት ወር ያዘናጋኝ ይኸው ለቀቅ ማድረጉ ነው። ሥራዬ ማስተማር ነው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሜ እውላለሁ። ማታ ሚስማሩ ይመለሳል።

በሰፈራችን አንድ ሰው ካነከሰ የቀረው ሁሉ ሐኪም ነው። ታች ፎቅ ያሉት እማማ በጨው ውኃ እንድነክረው አዘዙ። ወጌሻው ባቴን በቅቤ አሽቶ አሽቶ «ጅማትህ ዞሯል» አለና መለሰልኝ። ጅማቱ ግን የተመለሰው ወጌሻው ቤት በር ድረስ ብቻ ነው። ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ሻምበል ደግሞ በረንዳቸው ላይ ሆነው፣ «አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ሮጠባት፤ አንተ በጫማ ደረጃ መውረድ አቃተህ!» ይሉኛል። አበበ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ባዶ እግሩን የሮጠው የተገዛለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው፤ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎም አሸንፏል። ይህንን ለሻምበል ብነግራቸው፣ «እሱስ በሁለቱም አሸነፈ» አሉኝ። መልስ የለኝም።

እውነቱን የተናገረው ሊስትሮው ነበር። አንድ ቀን ጫማዬን ገልብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ታኮዎ በውስጥ በኩል ነው የሚያልቀው። እግርዎ ወደ ውስጥ ይተኛል» አለኝ። ብሩሹን አስቀምጦ በእጁ ጋደል አድርጎ አሳየኝ። እኔም የልጅ ወሬ ብዬ ሒሳቡን ከፍዬ ሄድኩ።

ከወር በኋላ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሙ ተረከዜን ከውስጥ በኩል በአውራ ጣቱ ሲጫነው ጮኬ ተነሳሁ። «ፕላንታር ፋሻይተስ» አለኝ። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶቻችን ሥር የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ፤ የእግራችንን ቅስት የሚይዘው እሱ ነው፣ የጥጥ መንደፊያ ደጋን ላይ እንደሚወጠረው ገመድ። ሌሊት ተኝተን ሰብሰብ ይላል፤ ጠዋት ክብደታችንን ድንገት ስንጥልበት ይወጠራል፤ ያ ነው ሚስማሩ። የእኔ እግር ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነ ስረግጥ ወደ ውስጥ ይተኛል፤ ገመዱም ይብስ ይወጠራል። እንግዲህ ሊስትሮው በነፃ የነገረኝን በካርድ ገዝቼ ሰማሁት። ሐኪሙ ባቴን የማሳሳብ እንቅስቃሴ አዘዘልኝና ጫማዬ ውስጥ ቅስት የሚደግፍ ሶል እንዳስገባ ነገረኝ።

ሜሪላንድ ያለው የባለቤቴ ወንድም ከፋርማሲ ገዝቶ ላከልኝ። ተለክቶ የሚቆረጥ ዓይነት ነው፤ መስመሮቹ ተሰምረውበታል። ማድ ቤት ገብቼ የሽንኩርት መቀሱን አነሳሁና ከጫማዬ ጋር አስተካክዬ ቆረጥኩት። ለካ የሚቆረጠው በጣቶቹ በኩል ኖሯል፤ እኔ የቆረጥኩት ከተረከዙ ነው። ቅስቴ ሥር ሊሆን የሚገባው ጉብታ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ልክ የሚያመኝ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት በዚያ ሄድኩ። መድኃኒት ይመራል እያልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ከዚያ በኋላ ነው ሶል በልክ ወደሚሠሩበት ወርክሾፕ የሄድኩት። ባለሙያው ወጣት ነው። ካልሲዬን አስወልቆ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሦስቴ አመላለሰኝ፤ ከኋላዬ ቁጢጥ ብሎ ተረከዜን ያያል። ከዚያ ስፖንጅ የሚመስል ነገር የተሞላበት ሣጥን አቀረበና እግሬን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ገፋው። ጭብጥ ጭብጥ እያለ ሰመጠ። ሳወጣው የእግሬ አሻራ ቁልጭ ብሎ ቀረ፤ ክረምት ላይ ጭቃ እንደረገጠ ሰው። ቅስት የሚባል ነገር የለውም፤ ምጣድ ነው።

«ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት?» አለኝ።

«አርባ አንድ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ።»

ለካኝ። አርባ ሁለት ተኩል። «እግር ዕድሜ ሲጨምር ይሰፋል፣ ጋሼ።» ዝም አልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሾል ባለ ጫማ ውስጥ ጣቶቼን እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ጠጋ ጠጋ በሉ ስላቸው ኖሬአለሁ።

ልጁ ሐቀኛ ነው። «በልክ ስለተሠራ ተአምር ነው አልልዎትም፤ ለተረከዝ ሕመም በተደረጉ ጥናቶች በልክ የተሠራው ከሱቁ ያን ያህል አልበለጠም። ዋናው ባትዎን ማሳሳቡ ነው» አለኝ። ሶሉን ሲያስረክበኝም በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳላደርገው፣ ቀስ በቀስ እንድጨምር ደጋግሞ ነገረኝ። እኔ ግን በማግስቱ ቀብር ነበረብኝ። ከቀብር ለቅሶ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት ድንኳን ተከላ፤ ቀኑን ሙሉ በእሱ ዋልኩ። ማታ ጉልበቴና ወገቤ ተባብረው አደሙብኝ። ደግሞም ሶሉ ሲገባ ጫማው ጠበበና ተረከዜ በየእርምጃው ብቅ ይላል። መርካቶ ሄጄ ሰፊ፣ ፊቱ ድቡልቡል የሆነ ጫማ ገዛሁ። ባለቤቴ አየችውና «የጥበቃ ሥራ ጀመርክ እንዴ?» አለች።

አሁን ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ግድግዳ እየገፋሁ ባቴን አሳስባለሁ፤ ሻምበል ሲያልፉ «ተው፣ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ይወድቃል» ይሉኛል። ማታ በረዶ የሆነ ሃይላንድ በውስጥ እግሬ አንከባልላለሁ። ሚስማሩ ከጠፋ ባይባልም ወደ ጠጠር ወርዷል።

የቀረኝ ችግር ቤተ ክርስቲያን ነው። ጫማ በር ላይ ይወለቃል፤ ጫማ ደግሞ ይጠፋል። ጫማው ቢጠፋ ግድ የለኝም፤ ሶሉ ግን ከእኔ በቀር ለማንም አይሆንም። ባለፈው የሚካኤል ዕለት አውጥቼ በፌስታል ጠቅልዬ ልይዘው አሰብኩና በሩ ላይ ልቤ አመነታ። አንድ ዲያቆን ሲያልፍ አስቆምኩት።

«ይኼ ጫማ ነው ወይስ አይደለም?»

አገላብጦ አየው። «እግርዎ ይረግጠዋል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጫማ ነው። ውጪ ይቆይ።»

በሩ ጥግ ጫማ ለሚጠብቁት አዛውንት ሰጠኋቸው። «አባባ፣ አደራ፣ ይኼ መድኃኒቴ ነው።» ቅዳሴ አልቆ ስወጣ ጫማዬ አለ፤ ፌስታሉ ግን አይታይም። ደነገጥኩ። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝና ከተቀመጡበት ድንጋይ እንደምንም ተነሱ። ሁለቱ ሶሎች ድንጋዩ ላይ ተነጥፈዋል።

«ልጄ» አሉኝ ወገባቸውን ይዘው፣ «እውነትም መድኃኒት ነው። የት ነው የሚገኘው?»