ወራጅ አለ!

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ ከሞላ ቆይቷል። ረዳቱ ግን አሁንም «መርሳ በአንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። የፈተና ወረቀት የታጨቀበት ቦርሳ ያቀፈ አንድ መምህር ተቆጣ።

«ኧረ ይበቃል! መኪናው የአሥራ ሁለት ሰው ነው።»

«መምህር፣ እኔ አሥራ አምስት ስጭን ትርፍ ይባላል። እርስዎ ሰባ ሲጭኑ ክፍል ይባላል። እርስዎን ትራፊክ ስለማያስቆምዎ ነው።»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። መምህሩም የዋዛ አልነበረም።

«የኔዎቹ ተፈትነው ነው የገቡት፤ ያንተዎቹ ተጋፍተው።»

«ተፈትነው? ከ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ግማሽ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ አይደል? ከቀረው ሻል ያለውን ሬሜዲያል ብላችሁ በትርፍ ወንበር አስገባችሁት።»

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«ከ96.7ቱ አንዱ እኔ ነኝ። ያን ዓመት ሌላው ምዕራፍ አንድን ሲማር፣ እኛ እዚህ ጦርነቱ መሐል ሽሽት እንማር ነበር። ተማሪዎ ሲደክም ‹ሰነፍ› ከማለትዎ በፊት ‹በ2014 የት ነበርክ?› ብለው ይጠይቁት።»

«ሰባ ልጅ እኮ ነው! ማን እንደደከመ በምን አውቃለሁ?»

«እኔስ በምን አውቃለሁ? ሁሉም ‹ወራጅ አለ› ብሎ አይወርድም። ሳይከፍል ሊወርድ ያሰበው በር አጠገብ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ከኔ ይሸሻል። የእርስዎስ ምን ያደርጋል?»

መምህሩ ሳይታወቀው መቁጠር ጀመረ። «ከመጀመሪያዋ ኩዊዝ ይቀራል። ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ይሸሻል። ሁለት ቀን ጠፍቶ በሦስተኛው አቴንዳንስ ሊፈርም ብቻ ብቅ ይላል።»

«ይኸው ያውቁታል! ይኼ በስንተኛው ሳምንት ነው?»

«በሦስተኛው፣ በአራተኛው።»

«ለልጁስ መቼ ይነግሩታል?»

መምህሩን ሳል ያዘው። «እ… ሬጅስትራር ይነግረዋል።»

«አዎ፣ ግሬድ ሲለጠፍ! እኔ ደሴ ደርሼ ‹አንተ እኮ መርሳ ላይ ነበር መውረድ የነበረብህ› ብል በጥፊ ነው የምባለው። እናንተ ስትሉት ግን ዋርኒንግ ይባላል።»

«ደግሞስ እኔ ቢያመልጠኝ መውጫ ፈተናው ያጣራዋል።»

«የመጀመሪያው፣ የ2015ቱ፣ ከመቶ 40.65 ነው ያሳለፈው። እኔ ከመቶ ስልሳውን መንገድ ላይ አንጠባጥቤ መርሳ ብገባ፣ የሚቀጣው ተሳፋሪው ነው?»

ሲሪንቃ ደረስን። አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ምንድን ነው የምታስተምረው?»

«እርሻ፣ እማማ።»

«እንግዲያ አቀንጭራን ታውቀዋለህ።»

መምህሩ ፊቱ በራ። «እንዴታ! አቀንጭራ ተንኮለኛ ነው። ገና ከመሬት በታች ሳለ የማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። አበባው ወጥቶ ሲታይ ጉዳቱ አብዛኛው ደርሷል። የሚቋቋሙት የማሽላ ዝርያዎች አሉ፤ አንዱማ ስሙ ‹አብሽር› ነው።»

«ኤፍም አበባ ነው፣ መምህር» አለ ረዳቱ።

ትንሽ ዝም ተባለ።

«እኔም እኮ ተማሪዎቼን አብሽሩ እላቸዋለሁ» አለ መምህሩ፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ።

«ለሰባ ሰው ባንዴ የተባለ አብሽር ማንም ጋ አይደርስም።»

እናትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ እውነቱን ነው። የኛ ሸኽ ደረሳውን አንድ ባንድ ፊታቸው አስቀምጠው ነው የሚያቀሩት። ያልበላውን ከድምፁ ይለዩታል።»

«እሺ፣ ለየሁት እንበል። ሐኪም አይደለሁ፣ ቀላቢ አይደለሁ፤ ምን ላደርግለት ነው?»

«እኔስ መካኒክ ነኝ? ጎማው ሲንሿሿ ለሾፌሩ እናገራለሁ። እርስዎም ለአድቫይዘሩ ይንገሩ። ትምህርቱ የከበደውን ቲቶሪያል፣ ያመመውን ክሊኒክ፣ ብር ያጠረውን ተማሪዎች ኅብረት ይላኩት። ልከው ደግሞ አይርሱት፤ በሳምንቱ ‹ሄድክ?› ይበሉት። መጀመሪያ ግን ራሱን፣ ለብቻው ያናግሩት። ሰው ፊት ማዋረድ ከሚሄድ መኪና መገፍተር ነው። ጭራሽ ካቃተውም ከፋይናል በፊት ዊዝድሮው ሞልቶ በወግ ይውረድ፤ በደረሰኝ የወረደ ተመልሶ ይሳፈራል።»

«አንተን ዲን ማድረግ ነበር!»

«ደመወዙ ከዚህ ይሻላል?»

መርሳ ስንገባ ከመጨረሻው ወንበር ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ «ወራጅ አለ።»

ረዳቱ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ከወልድያ ጀምሮ ፊትህ ገርጥቷል። መስኮቱን የከፈትኩት ላንተ ብዬ ነው። አሁን ተሻለህ?»

ልጁ ራሱን ነቀነቀና ወደ መምህሩ ጎንበስ አለ። «ደህና ዋሉ፣ መምህር።»

«ታውቀኛለህ እንዴ?»

«ያስተምሩኛል። ከኋላ ነው የምቀመጠው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ረዳቱም ተረብ ጠፋው። መምህሩ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ፤ የሁለት ሰው ሒሳብ አውጥቶ ከፈለ።

«ስምህ ማን ነበር?»

ረዳቱ በሩን በእጁ ያዘው።

«‹ማን ነበር› አይበሉ፣ መምህር። ‹ማን ነው› ይበሉ። ልጁ ገና አልወረደም።»