ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

እንግዲህ እርስዎ ጀሞ ወይም ለቡ ወይም ሃና ማርያም ይኖራሉ። የውጭ አገር ሰዎች አልጋና ምድጃ በተገጠመለት መኪና ፈረስ የጫነ ተጎታች እየሳቡ ጫካ ዳር ሲሰፍሩ፣ ጠዋት ቡናቸውን ፉት ብለው ኮርቻ ላይ ሲወጡ ስልክዎ ላይ አይተው «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብለዋል። ከማንም አያንሱም። የፉሪ ተራራ ከበረንዳዎ ይታያል፤ የመናገሻ ሱባ ጫካ ከሰበታ ወዲያ ነው፤ ወንጪም በወሊሶ በኩል ጠዋት ተነሥተው ለምሳ የሚደርሱበት ነው። አገሪቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት። የሚቀረው ነገሩን ከሥሩ የማበላሸት ጥበብ ብቻ ስለሆነ እሱን እነግርዎታለሁ።

ከሁሉ በፊት የፈረስ ስም ያውጡ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። እነዚህ ሰዎች ስሙን ያገኙት ፈረስ ላይ ኖረው፣ ጦር ሜዳ ውለው መሆኑ አያስጨንቅዎ። በእኛ ዘመን ስሙ ይቀድማል፣ ከዚያ ኮፍያው ላይ ይጠለፋል፣ ፈረሱ ሲገኝ ይገኛል። ብዙውን ቅዳሜ ማደያ ተሰልፈው የሚያሳልፉ ከሆነ «አባ ናፍጣ» ያምርብዎታል።

የቤት መኪናውን ነገር አላረዝምም። ጎፋና ሳሪስ ጋራዥ አይጠፋም፤ የደከመ ሚኒባስ ወንበሩን ያስነቅሉና ስፖንጅ ፍራሽ ያስነጥፉበት፤ የጋዙን ሲሊንደር ከፍራሹ ራስጌ ያስቀምጡት። ሌሊት ሲበርድ መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ከሰል አስገብተው ይተኙ። በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ምን እንደሚያደርግ በየክረምቱ በዜና ስለሚነገር እዚህ አልደግመውም።

ወደ ፈረሱ እንሂድ። ሲገዙ ጥርሱን የሚያይ፣ ኮቴውን የሚያነሣ፣ ጀርባውን በመዳፉ የሚዳብስ ሽማግሌ ይዘው ገበያ አይውጡ፤ ጊዜ ያባክናል። ቀለሙን አይተው ይግዙ። ዳማ ከኮፍያዎ ጋር ይሄዳል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ደግሞ ፎቶ ላይ ይደምቃል። ሲያነክስ ካዩት «ዛሬ ደክሞት ነው» የሚለውን የሻጩን ቃል ይመኑ፤ ሰውዬው ፈረሱን ከእርስዎ በላይ ያውቀዋልና።

የሚጫነው አይሱዙ ላይ ነው። ባላገር ከብት ሲጭን መኪናውን ከጉብታ ጋር አስጠግቶ የኋላ በሩን ከመሬቱ ጋር ያስተካክላል፤ እንስሳው በእግሩ እየተራመደ ይገባል። እርስዎ ይህን ኋላ ቀር ዘዴ ይተዉትና ሜዳ ላይ አራት ጎረምሳ ይቅጠሩ። ሁለቱ ከፊት ይጎትቱ፣ ሁለቱ ከኋላ ይግፉ፤ እርስዎ ቪዲዮ እየቀረጹ «በለው! በለው!» ይበሉ። ከኋላ ያሉት የትኛው እግር መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቁ ትዕይንቱ አይሰለችም።

ወለሉ ላይ ጭድም አሸዋም እንዳይነሰነስ። የተራቆተ ላሜራ፣ በተለይ ፈረሱ ከሸናበት በኋላ፣ ኩርባ በመጣ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያንሸራትተው ከኋላ እየሰሙ መቁጠር ይችላሉ። ሾፌሩም ከጀሞ እስከ ዓለም ገና ባለው ግፊያ ፍሬኑን እየረገጠ እየለቀቀ ይንዳ። ፈረስ እኮ መያዣ በሌለበት አውቶቡስ ውስጥ እንደቆመ ተሳፋሪ ነው፤ ልዩነቱ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ!» ማለት መቻሉ ነው።

አሁን ዋናውን ምስጢር ልንገርዎ። ራሱን ወደ ላይ አንጠልጥለው፣ ገመዱን አሳጥረው፣ በማይፈታ ቋጠሮ ጠፍረው ይሰሩት። ፈረስ መንገድ ላይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ካላሳለና አፍንጫውን ካላጸዳ፣ አቧራውና ቆሻሻው ሳንባው ውስጥ ይቀራል፤ ለሰዓታት አንገቱ ተሰቅሎ የተጓዘ ፈረስ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይይዘዋል። ያን ጊዜ «ብርድ መትቶት ነው» ይበሉ። ገመዱን ከማሳጠር በፊት የሚያስታውሱት ተረትም ቢኖር፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚለው አይሁን፤ እሱ የሚነገረው ለሌላ ሰው ነው።

ውኃ? ፈረስ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ይጠጣል ቢሉዎት ሃይላንድዎን ያሳዩዋቸው። መንገድ ላይ ቆም እያሉ ማጠጣት፣ ማሳረፍ የሚባለውን ለጡረተኞች ይተዉት። መኖ ላይ ግን ለጋስ ይሁኑ። እድሜውን ሙሉ ሣርና ገለባ ሲበላ የኖረን እንስሳ ዓርብ ማታ በአንድ ጊዜ ገብስ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ከልደት የተረፈ ኬክ ያቅርቡለት። ፈረስ በተፈጥሮው ማስታወክ አይችልም። ሰው ሆዱን ሲያመው አስመልሶ ይገላገላል፤ ፈረስ የገባበትን ይዞ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ጎኑን ዞር ብሎ ያያል፣ ያልበዋል። ልጆቹ «አባዬ ፈረሱ እየተጫወተ ነው!» ሲሉ እርስዎም ይሳቁ።

የእንስሳት ሐኪም የሚባል ደግሞ አለ። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ክትባት ያመርታል። በሽታውን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ፣ ምሽትና ንጋት ላይ የምትናከስ ነፍሳት ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ ትበዛለች፤ ያልተከተበ ፈረስ ካገኘች ብዙ ጊዜ አትምረውም። ስለዚህ ሳያስከትቡ በመስቀል ሰሞን ወደ ቆላ ይውረዱ። ከወሊሶ፣ ከወልቂጤ አልፈው ጊቤ ሸለቆ ድረስ ከዘለቁ ደግሞ የገንዲ ዝንብ ይጨመርልዎታል። ፈረስ በማስጨረስ ከእርስዎ የቀደመ ትልቅ ሰው አለ፦ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት 44 ዝሆኖችና የጭነት እንስሳት ሠራዊት ይዞ መጥቶ፣ ዙላ የባሕር ዳርቻ ላይ በጥማትና በበሽታ ያለቀው ፈረስና በቅሎ ብዙ ነበር። እርስዎ በአንድ ፈረስ ቢያዝኑ ምን ይደንቃል?

የቁስል ነገርማ ይተዉት። የጋሪ ሰዎች ቢቼ የሚሉት፣ በቆዳ ሥር እንደ ገመድ ተያይዞ የሚያብጥና የሚፈነዳ በሽታ በቁስልና በጋራ ዕቃ ይዛመታል። ኮርቻዎን በየመንገዱ ላገኙት ባለጋሪ ያውሱ፣ የእሱንም ይዋሱ። መተሳሰብ ባህላችን አይደል?

«ወንጪ ላይ እኮ ፈረስ ይከራያል፤ ከዚህ ተጭኖ መሄዱ ለምኑ ነው?» የሚል ጎረቤት ይነሣብዎታል። እውነቱን ነው። የወንጪ ሰዎች ሐይቁን የከበበውን ገደል አብሯቸው የወጣና የወረደ ፈረስ አላቸው፤ እንግዳ ያስቀምጣሉ፣ ልጓሙን ይዘው ይወርዳሉ። መንደሩ በ2014 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት የምርጥ የቱሪዝም መንደርነት እውቅና ያገኘው፣ በገበታ ለአገር ፕሮጀክት የታቀፈውም ያለ ነገር አይደለም። ግን ይህን ከሰሙ አይሱዙው ሊቀር ነው! አይስሙት። የእርስዎ ፈረስ ወንጪ ሲደርስ ጉልበቱ እየተብረከረከ መውረድ ስለሚያቅተው ያን ጊዜ በግድ ይከራያሉ። ሁለት ወጪ ማውጣት በተመልካች ዘንድ ክብር አለው።

ከተከራዩ በኋላ ዋናው ደንብ ይህ ነው፦ ባለፈረሱን ምንም አይጠይቁት። ሰውዬው ፈረሱ ከየትኛው ጎን ሲቀርቡት እንደሚደነግጥ፣ ይርገጥ አይርገጥ፣ ዛሬ ለስንተኛ ጊዜ እንደወጣ፣ የትኛው ድንጋይ ላይ ኮቴው እንደሚንሸራተት ሁሉ ያውቃል። የአገራችን ፈረስ በብዛት ብረት ኮቴ አይመታለትም፤ የሚሄድበትን መሬት በራሱ ኮቴ ነው የሚለካው። ይህን ሁሉ በነጻ ሊነግርዎ ተዘጋጅቶ ቆሟል። እርስዎ «ጋሼ፣ ዞር በሉልኝ፤ ፎቶው ውስጥ ገቡብኝ» ይበሉት። ኪራዩን ሲከራከሩ ግን ለረጅም ጊዜ ያነጋግሩት፤ ከአዲስ አበባ ለናፍጣ፣ ለጎረምሶችና ለኮፍያ ያፈሰሱት ገንዘብ መካካስ ያለበት እሱ ላይ ነው።

ክብደትዎን አያስቡ። የደጋ ፈረሳችን ብዙውን ጊዜ 300 ኪሎ አይሞላም፤ አዋቂዎች የሚመክሩት ሸክሙ ከነኮርቻው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ ነው። እርስዎ ከነቦርጭዎ፣ ከነካሜራዎና ከፊትዎ ካስቀመጡት ልጅ ጋር ስንት እንደሆኑ ሒሳቡን ሰው ፊት አይሥሩ። ከኮርቻው በታች የሚነጠፈው ጨርቅ ይጨማደድ፤ የሆዱን ጠፍር አላልተው ይሰሩት። ኮርቻው ሲዋልል ጀርባው ይላጣል፤ በማግስቱ ገጣባ ይሆናል፤ ገጣባ መሆኑ የሚታየው ግን እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው። እንደወጡም ሶምሶማ ምናምን ሳይሉ፣ ሰውነቱ ሳይሟሟቅ፣ በቀጥታ ይጋልቡት። ወደ ሐይቁ የሚወርደው ገደል ጋ ሲደርሱ አገሬው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። እርስዎ አይውረዱ። ገንዘብ ከፍለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ዐዋቂ ዘመድ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ሊጠቅስብዎ ይችላል። የአድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ እንጅባራ ላይ ሜዳው በፈረስ ይሞላል። ልክ ነው፣ ቪዲዮውን አይተዋል። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ጌጡና ሽምጥ ግልቢያው ነው። ፈረሱ ዓመቱን ሙሉ ገብስ በልኩ እንደሚሰፈርለት፣ ልጅ ከአባቱ ጋር ሆኖ ሲያጥበውና ሲያበላው እንደሚያድግ የሚቀርጽ የለም። እርስዎም የተቀረጸውን ብቻ ይኮርጁ፤ ቀዩን ግላስ ይግዙለት፣ ገብሱ ይቅር። (በነገራችን ላይ እነዚያ ሰዎች ፈረሳቸው ሲሞት ምን እንደሚሰማቸው ጠይቆ የተመለሰ ሰው ስለ «ፈረስ ግልቢያ መዝናኛ» የሚያወራው ያጥርበታል።)

ሲመሽ ይስፈሩ። መሬቱ ውኃ የሚቋጥር ረባዳ ይሁን፤ ሐምሌ ቢሆን ይመረጣል። እዚያ ከፍታ ላይ የክረምት ሌሊት በረዶ ቀላቅሎ ሲዘንብ ስፖንጁ ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ ያያሉ። ፈረሱን ከሰፈሩ ራቅ አድርገው፣ ከጨለማው በኩል፣ ችካል ላይ ይሰሩት፤ ሽታው እንዳይረብሽዎ። ጅብ መኖሩን የአካባቢው ሰው ይነግርዎታል፤ አንድ ዘበኛ ልቅጠርልዎ ወይም ፈረሱ በረት ይደር ይልዎታል። «ስንት?» ይበሉት፣ ከዚያ «ውድ ነው» ይበሉት። ሙዚቃውን እስከ እኩለ ሌሊት ይልቀቁት፤ ጅቡ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ፈረስ ሲደነግጥ መዋጋት አያውቅም፣ መሮጥ ነው የሚያውቀው፤ ከችካል ጋር የታሰረ ፈረስ ደግሞ ወዴት እንደሚሮጥ ጠዋት ገመዱ በእግሩ ላይ ተጠምጥሞ ሲያገኙት ይረዳሉ። ለማገዶ ጽድ ይቁረጡ። መናገሻ ሱባ ላይ ከሆኑማ ከ15ኛው መቶ ዘመን፣ ከዘርዐ ያዕቆብ ጀምሮ ተጠብቆ ኖሯል በሚባል ጫካ ውስጥ ነዎትና፣ ለጥብስ የሚሆን አንድ ሁለት ግንድ አይጠፋም።

እሑድ ማታ በሕይወት የተረፈውን ጭነው ይመለሱ። ጥቂት ሳምንት ጋራዥዎ ውስጥ ከመኪናው ጎን ይቁም። ጎረቤት ስለ ዝንቡ ሲከስዎት፣ መኖው ሲወደድ፣ ሳሉ ሲብስ፣ ጀርባው አልድን ሲል፣ ማንም የማይገዛው ይሆናል። ሐኪም መጥራት ዋጋ አለው፤ መሸጥ አይቻልም፤ መቅበር ደግሞ ጉድጓድ ይፈልጋል። ሌሎች ያደረጉትን ያድርጉ። በቀለበት መንገድ አካፋይ ላይ፣ መኪና በሁለት በኩል እየተግተለተለ፣ አጥንቱ የወጣ የጋሪ ፈረስ ቆሞ አይተው አያውቁም? ባለቤቱ ሠርቶበት፣ አርጅቶበት፣ አምጥቶ የለቀቀው ነው። የእርስዎ ከነቀይ ግላሱ ቢጨመር ማን ያስተውላል? ግላሱን ግን ቢያወልቁለት ይሻላል፤ ሰው ያውቀዋል። ከተማ ውስጥ የጭነት መኪና በቀን እንደልብ ስለማይፈቀድ ከአይሱዙው ባለቤት ጋር ለሌሊት ይነጋገሩ። ቀብድም አይስጡት፤ መመለሻው ባዶ ነው።